ለ12 ዓመት ልጄ ጊታር ልገዛ ነው፤ ከትልቁ መደብር ወይስ ከትንሹ ሱቅ?

የልጅት እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሙዚቃ የምታውቁ ሰዎች ምክር ፈልጌ ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቷ የጊታር ክፍል ገባች። ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤቱ ባዋሳት ጊታር ተማረች። ሰኔ ላይ መልሱ ሲባል ጊታሩን አቅፋ አለቀሰች። እኔና አባቷ የራሷን እንግዛላት ብለን ተስማማን። ያለን ከነታክሱ 400 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ አንችልም።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ቦታ ሄድን። መጀመሪያ የገባነው ከነዚህ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች አንዱ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጊታር ነው። ልጄ ገና ከበሩ ስትገባ ፊቷ በራ። ማንም አትንኪ አላላትም። አንዱን ስታወርድ፣ ሌላውን ስትሰቅል አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ግን "ምን ልርዳችሁ?" ያለን ሰውም የለም። እንደምንም አንድ ወጣት ሻጭ አገኘሁ። ስለ ጊታሩ ስጠይቀው ዋጋው ላይ የተጻፈውን አነበበልኝ። ያንን እኔም አንብቤዋለሁ። ከዚያ የመደብሩን ክሬዲት ካርድ እንዳወጣ ጠየቀኝ። አልፈልግም ስለው እንደገና ጠየቀኝ።

ቀጥለን አንድ ትንሽ ሱቅ ሄድን። ሰው ሁሉ "ትንንሽ ሱቆችን ደግፉ" ስለሚል ነው የሄድኩት። ሰውዬው ከመነጽሩ በላይ አየን። ልጄ እጇን ወደ አንድ ጊታር ስትዘረጋ "እሱ ውድ ነው" አላት። ሌላ ምንም አላለም። እጇን ሰበሰበች። ወጣን። ቤት እስክንደርስ መኪና ውስጥ አልተናገረችም። እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር።

የአንዱን ጊታር ዋጋ ሁለቱም ጋ አይቼዋለሁ፤ በሳንቲም እንኳ አይለያይም። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልጄን ያሸማቀቀ ሰው ጋ ገንዘቤን ይዤ ልመለስ? ወይስ ዝም ብዬ ከትልቁ ልግዛ? እኔ ስለ ጊታር ምንም አላውቅም።

የኪቦርዱ ልጅ (አትላንታ)

እህቴ ሰላም። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ እንሠራለን፤ ከከተማ ከተማ እንዞራለን። እኔን ከጠየቅሽኝ ትልቁ መደብር ይሻላል። ምክንያቴን ልንገርሽ።

አምና ቻርሎት ላይ ሠርግ ነበረን። አርብ ማታ ዕቃ ስንዘረጋ የኪቦርዴ አዳፕተር አልሠራ አለ። ሰዓቱ 12 ተኩል ሆኗል። ትንንሾቹ ሱቆች ዘግተዋል። አንድ ባለ ቅርንጫፍ መደብር ግን ክፍት ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ደረስኩ። የትኛው እንደሚሆነኝ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ሁለት ዓይነት ገዛሁ። አንደኛው ሆነ። ሁለተኛውን አትላንታ ስመለስ ሰፈሬ ያለው ቅርንጫፋቸው ወስጄ ደረሰኙን አሳየኋቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ገንዘቤን መለሱልኝ። እንደኔ ለሚዞር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጆች ደግሞ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ትልልቆቹ ጋ 30 ወይም 45 ቀን የመመለሻ ጊዜ ታገኛለሽ። ትንሹ ሱቅ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይመልስም፤ በሌላ ዕቃ ነው የሚቀይርልሽ። ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።

ሰው ትልቅ ሲባል ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ትልቁ ባለ ቅርንጫፍ መደብር ጊታር ሴንተር ራሱ በፈረንጆቹ 1959 ሆሊውድ ሲጀመር አንድ ሱቅ ነበር። የሚሸጠውም ጊታር ሳይሆን ኦርጋን ነው። እኛ ኪቦርድ ተጫዋቾች ይሄን ስናስብ ደስ ይለናል። ግን ትልልቆቹም እንደ ድሮው አይደሉም። ጊታር ሴንተር በ2020 መጨረሻ ዕዳ በዝቶበት ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር፤ ዕዳውን አቃሎ ወጣ። ሳም አሽ ደግሞ በ1924 ብሩክሊን የተከፈተ የቤተሰብ ሱቅ ነበር። አድጎ አድጎ፣ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላው በ2024 ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ። እኔ የመጀመሪያ ኪቦርዴን የገዛሁት እዚያ ነው። የዘጋ ዕለት ከፍቶኛል።

ጊታር ጠጋኝ (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ከልጅሽ ልጀምር። ያ ሰውዬ ያደረገው ነውር ነው። ጊታር ሱቅ ገብቶ ጊታር የማይነካ ከሆነ ሱቁ ለምን ተከፈተ? እሱ ጋ አትመለሺ። ግን በእሱ ምክንያት ትንንሾቹን ሁሉ እርግፍ አድርገሽ አትተዪ።

እኔ ሁለቱንም ከውስጥ አውቃቸዋለሁ። ሁለት ዓመት አንድ ትልቅ መደብር ሻጭ ነበርኩ። ከዚያ 11 ዓመት አንድ ትንሽ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ጊታር ጠገንኩ። አሁን ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ እሠራለሁ።

ዋጋው ለምን አንድ ሆነ አልሽ። አምራቾቹ ናቸው የሚወስኑት። ሱቅ በማስታወቂያ ላይ ከዚህ በታች ዋጋ እንዳይለጥፍ ወለል ያስቀምጣሉ። ከወለሉ በታች የለጠፈ ሱቅ ዕቃ ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጊታር ኢንተርኔት ላይም፣ ትልቁ ጋም፣ ትንሹ ጋም ያው ነው። ይሄ ላንቺ ጥሩ ነው። ዋጋው እኩል ከሆነ የምታወዳድሪው በዚያው ዋጋ ምን እንደሚጨመርልሽ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አዲስ ጊታር ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው ክሮቹን ከፍ አድርጎ ይልከዋል። ምክንያት አለው። ጊታሩ በመርከብ፣ በመጋዘን፣ በጭነት መኪና ያልፋል። አየሩ ሲለዋወጥ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ክሩ ዝቅ ብሎ ከተላከ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ እየነካ ዝዝ ይላል፤ ዝዝ ያለ ጊታር ደግሞ ይመለሳል። ከፍ ካለ ዝዝ አይልም። ግን የ12 ዓመት ልጅ ጣት ያቆስላል። ልጅቷ የጊታሩ ጥፋት መሆኑን በምን ታውቃለች? "እኔ አልችልም" ብላ ነው የምትተወው። ስንት ልጅ ጊታሩን አልጋ ሥር ከትቶ እንደቀረ እኔ አውቃለሁ። ወላጆቹ ሊሸጡት ሲፈልጉ ለግምት ያመጡልኛል። ክሩን ስነካው ይገባኛል። ሽቦ አጥር ነው።

ይሄንን ማስተካከል ሴታፕ ይባላል። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን አጥንት አለች፣ ነት ይሏታል። የእሷን ቦዮች በቀጭን ሞረድ ዝቅ ማድረግ ነው። ከታች፣ ክሮቹ ሳጥኑ ላይ በሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ ያለችውን ሌላዋን አጥንት ማሳነስ ነው። አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ካለው እሱን ማስተካከል ነው። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። እኛ አካባቢ ለብቻው ካሠራሽው ከ60 እስከ 100 ዶላር ያስከፍላል። ጠጋኝ ያለበት ሱቅ ግን ከእሱ ከገዛሽ ብዙ ጊዜ በዚያው ዋጋ ይሠራልሻል። ባይሠራ እንኳ ጠይቂው፣ ይስማማል። ትልቁ መደብር ውስጥ ያለው ልጅ ይሄን ልስጥሽ ቢል እንኳ ሥልጣኑ የለውም። ልጁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ትናንት ከበሮ ክፍል ነበር፣ ነገ ማይክሮፎን ክፍል ሊመድቡት ይችላሉ።

ራስሽ ልታዪው የምትችዪበት ዘዴ አለ። ቦርሳሽ ውስጥ አንድ ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲሙን) እና ሁለት ኒክል (ባለ 5 ሳንቲሙን) ያዢ። ኳርተር ውፍረቱ 1.75 ሚሊሜትር ነው፣ ኒክል 1.95። ከአንገቱ ጫፍ ጀምረሽ 12ኛውን ፍሬት ቁጠሪ። በቀጭኑ ክርና በፍሬቱ ብረት መካከል ኳርተሩን አስገቢ። ክሩን ሳያነሳው ገጠም ካለ ደህና ነው። በወፍራሙ ክር ሥር ኒክሉ ገብቶ ትንሽ ክፍተት ከተረፈው ያም ደህና ነው። ሁለት ኒክል ተደራርቦ የሚገባ ከሆነ ያ ጊታር ገና አልተሠራም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኚና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዪ። ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ነው መሆን ያለበት።

ከዚያ ልጅሽ ትጫወት። ሱቅ ገብቶ ጊታር የሚሞክር ሰው ሁሉ አንድ ሁለት የሮክ ዜማ ነው የሚጫወተው። ያ አንገቱ ላይ አራት አምስት ቦታ ብቻ ይነካል። እኔ የምሞክረው በትዝታ ነው፣ በአንድ ክር ላይ። ባዶውን ክር፣ ከዚያ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ ፍሬት። በቃ፣ ትዝታ ሜጀር ወጣ። አንገቱንም ከጫፍ እስከ መሐል ፈተሽነው። ይሄንን በስድስቱም ክር ትድገመው። የሆነ ቦታ ላይ ዝዝ ካለ እዚያ አካባቢ የተነሳ ፍሬት አለ። 12ኛው ላይ ስትደርስ የሚሰማው ድምፅ የባዶው ክር ነው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። ካልገጠመ ጊታሩን የቱንም ያህል ብትቃኚው ወደ ላይ ሲሄድ ይዛነፋል። ልጅሽ ደግሞ ትዝታን ቤት ውስጥ ስትሰማ ነው ያደገችው። ጆሮዋ ይነግራታል።

ስለ ክሬዲት ካርዱ የምለው አለኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የነበርኩበትን መደብር ስም አልጠራም። በቀን ስንት ካርድ እንዳስወጣን ይቆጠርብን ነበር። አንድ የኛ ልጅ መጣ። ታክሲ ነጂ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጊታርና አምፕሊፋየር ፈለገ፣ 1,400 ዶላር። "12 ወር ያለ ወለድ" አልኩት። ውሸት አልነበረም። ግን ግማሹን አልነገርኩትም። በ12 ወሩ ውስጥ ዕዳው ሙልጭ ብሎ ካልተከፈለ ወለዱ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ አንድ ላይ ይመጣል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲከፍል ቆይቶ 60 ዶላር ቀርታው ነበር። 60 ዶላር! የዓመቱ ወለድ ዱብ አለበት። ወረቀቱን ይዞ ሱቅ መጣ። አልጮኸብኝም። "ወንድሜ፣ በአማርኛ ስታስረዳኝ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?" ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ብዙ አልቆየሁም።

ስለዚህ ካርዱን አትውሰጂ። 400 ዶላርሽ ይበቃል።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ትምህርት ቤቱ ያዋሳት ጊታር ክሩ ብረት ነበር ወይስ ናይለን?

ከኑርንበርግ

እዚህ ጀርመን ያለውን ልጨምር። ባቫሪያ ውስጥ ትሬፐንዶርፍ የምትባል መንደር አለች። ቶማን የሚባለው ሱቅ በ1954 እዚያ ተጀመረ። ዛሬ ለአውሮፓ በሙሉ ዕቃ በፖስታ ይልካል፣ ዋናው ሱቁ ግን አሁንም እዚያች መንደር ውስጥ ነው። 30 ቀን መመለሻ፣ 3 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ከእኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሄጄ ግማሽ ቀን ጊታር ስሞክር ዋልኩ፤ ማንም አልተቆጣኝም።

ግን ጋሼ ጠጋኙ ያሉት እውነት ነው። በፖስታ ያዘዝኩት ሁለተኛው ጊታሬ ክሩ ከፍ ብሎ ነው የመጣው። ሰፈራችን ያለ አንድ ጊታር ሠሪ 60 ዩሮ አስከፍሎ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲህ ክር እንኳ የምገዛው እሱ ጋ ነው፣ በአንድ ዩሮ ቢወደድም።

የልጅት እናት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለባለቤቴም አነበብኩለት። ካርዱ ጋ ስደርስ ዝም አለ። እሱም አንድ ጊዜ ሶፋ ስንገዛ ደርሶበታል።

ልጄን ስለ ክሩ ጠየቅኳት። "ሦስቱ ፕላስቲክ ይመስላሉ፣ ሦስቱ ብርማ ናቸው" አለችኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ቅዳሜ መደብሩ ውስጥ ስትሞክራቸው የነበሩት ሁሉ ብረት ነበሩ። ጣቷን ሲያማት አይቻለሁ፤ ምንም አላለችም እንጂ።

ጊታር ጠጋኝ

እንኳን ጠየቅኩሽ! ናይለን ነው። ክላሲካል ጊታር ይባላል። ብርማዎቹም ውስጣቸው ናይለን ነው፣ ከላይ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው ነው። ትምህርት ቤቶች የሚወዱት ለጣት ስለማይከብድ ነው። አንገቱ ሰፋ ይላል፣ ድምፁ ለስለስ ይላል። ለክራር ዜማም ቅርብ ነው።

እኔ ብሆን ዓመቱን ሙሉ ጣቷ የለመደውን ነው የምገዛላት። መስከረም ላይ ክፍሉ ይቀጥላልና። ያማሃ ሲ40 የሚባለው 200 ዶላር ገደማ ነው። ለጀማሪ የታወቀ ዕቃ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ታዪዋለሽ። 12 ታክስ፣ 70 ሴታፕ፣ 15 መቃኛ፣ 40 ቦርሳ ብትዪ 340 እንኳ አይሞላም። ብረቱን ነው የምፈልገው ካለች ደግሞ ያው ያማሃ ኤፍኤስ800 አለ። ሳጥኑ አነስ ያለ ስለሆነ ክንዷ ላይ ይመጣላታል። ፊቱ አንድ ወጥ የስፕሩስ እንጨት ነው እንጂ የተጣበቀ ሉህ አይደለም፤ በዚያ ዋጋ ይሄን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ምርጫው የእሷ ይሁን።

አደራ፣ ሁለት ነገር። የብረት ክር ናይለን ጊታር ላይ እንዳታስገቡ። ውጥረቱ ከባድ ነው፣ ብሪጁን ነቅሎ ያወጣዋል። በየዓመቱ አንድ ሁለት እንደዚህ የተነቀለ ይመጣልኛል። ሁለተኛ፣ የነገርኩሽ የሳንቲም ልክ የብረት ክር ነው። ናይለን ሲመታ ብዙ ስለሚወዛወዝ ከፍ ማለት አለበት። በወፍራሙ ሥር ሁለት ኒክል ቢደራረብ፣ በቀጭኑ ሥር ኳርተርና ዳይም (ባለ 10 ሳንቲሙ) ቢደራረብ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይወርዳል። 12ኛውን ፍሬት ለማግኘትም መቁጠር አያስፈልግሽም፤ ክላሲካል ላይ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚጋጠመው እዚያው ላይ ነው።

የት ልሂድ ላልሽው፣ ሱቁ ትልቅ ይሁን ትንሽ ብለሽ አትጨነቂ። እዚህ ሜሪላንድ ዊተን ያለው ቸክ ሌቪን የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ስፋቱን ብታዪ ከትልልቆቹ አይተናነስም፣ ግን የአንድ ቤተሰብ ነው። በ1958 ዲሲ ውስጥ ተከፈተ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ጊዜ በተነሳው ረብሻ ሱቁ ወደመ። ዊተን መጥተው እንደገና ጀመሩ። ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? እኔ እንጃ። አንቺ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ጊታር የሚያስተካክለው ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው? ላናግረው እችላለሁ?" አዎ ካሉሽ ግቢ። "ወደ ሌላ ቦታ እንልከዋለን" ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ።

ስልክ መደወል በቂ ነው። ልጅቷን ይዘሽ ከመንከራተትሽ በፊት ደውይ።

ከአዲስ አበባ

ጋሼ ሰላም ይስጥልኝ። እኔ ጊታሬን ያገኘሁት ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ እጅ ነው። ፒያሳ ዞሬ የምፈልገውን አላገኘሁም ነበር። ክርም ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው፤ አንዱን ስድስት ወር እጫወትበታለሁ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጋው ሲገባ፣ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን መቧጨር ጀመረ። ብረቱ አድጎ ነው እንዴ? ሲገዛ እንደዚህ አልነበረም።

ጊታር ጠጋኝ

ወንድሜ፣ ብረቱ አላደገም፤ እንጨቱ ነው የጠበበው። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ አንገቱ ይሰበሰባል፣ የፍሬቱ ብረት ባለበት ይቀራል፣ ጫፉ ይወጣል። እዚህ ሜሪላንድም በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ ያው ነው የሚሆነው። ጊታር ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት እርጥበት ይወዳል። ጊታሩን የምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በሳሙና መያዣ አድርገህ ክዳኑን በስተህ አስቀምጥ። ስፖንጁ መጨመቅ አለበት፣ ጠብታ እንጨቱን እንዳይነካ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ካልተመለሰ ብቻ ጫፉን በደቃቅ ሞረድ አስሞርድ። ቸኩለህ ከሞረድከው ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ያብጥና ፍሬቱ አጭር ይሆንብሃል።

ክሩን ከተጫወትክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። የሚያበላሸው ላብ ነው። ስድስት ወር የሞላው ክር 12ኛው ላይ አይገጥምም፤ ጊታሩን አትጠርጥረው።

የልጅት እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የመጣሁት። ገዛን!

ጋሼ እንዳሉት ደወልኩ። አራት ቦታ። ሁለቱ "ወደ ሌላ ቦታ እንልካለን" አሉኝ። አንዱ ስልክ አላነሳም። አራተኛው "ቆይ" አለና ስልኩን ለጠጋኙ ሰጠው። ሰውዬው ልጄ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ቁመቷ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ ጠየቀኝ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ቅዳሜ ሄድን። ትንሽ ሱቅ ናት፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት አጠገብ። ልጄ መጀመሪያ በር ላይ ቆመች። እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ነበር። እንደፈራች ገባኝ። ሴትየዋ፣ የሱቁ ባለቤት መሰለችኝ፣ ምንም ሳትል በርጩማ አመጣችላትና ሁለት ናይለን ጊታሮች አጠገቧ አስደገፈችላት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጄ ትንሽ ቆይታ ተቀመጠች።

ትዝታውን በአንድ ክር ጀመረች። 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12። አባቷ ቤት ውስጥ ቁጥሩን ጽፎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጠናት ነበር። የመጀመሪያው ጊታር 9ኛው ላይ ዝዝ አለ። እኔ አልሰማሁትም፣ እሷ ሰማች። "ማሚ፣ እዚህ ጋ" አለችኝ። ይሄኔ ጠጋኙ ከጓዳ ወጣ። ሽበታም ሰው ነው፣ ሽርጥ ታጥቋል። "ያ ምን የሚባል ስኬል ነው?" አላት። "ትዝታ" አለችው። ድገሚው አላት፤ ደገመችለት። የእሱን ጊታር አምጥቶ ከእሷ እያየ ተጫወተው። 7ኛው ላይ ተሳሳተና እሷ አረመችው! ልጄ ሰው ፊት እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም።

የወሰድነው ሁለተኛውን ነው። ያገለገለ ነው፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት አለው። ከነጠንካራ ሣጥኑ 240 ዶላር፣ ሴታፑም በዚያው ውስጥ። ሳንቲሞቼን አወጣሁ። በወፍራሙ ሥር ሁለቱ ኒክል ገብተው ክፍተት ተረፈ። ሰውዬው አየኝና ሳቀ፤ "እሱን ዝቅ አደርገዋለሁ" አለ። ብሪጁ ላይ ያለችውን አጥንት አውጥቶ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ሲሞርዳት ልጄ አጠገቡ ቆማ አየች። አቧራው ነጭ ዱቄት ይመስላል። መልሶ ሲያስገባት ኒክሎቹ ገጠም አሉ። ስልሳ ቀን ውስጥ ካልተስማማት በሌላ እቀይርላታለሁ፣ ገንዘብ ግን አልመልስም አለኝ። የኪቦርዱ ልጅ፣ እንዳልከው ቀድሜ ጠይቄ ነው።

ከ400 ዶላሩ ታክሱ ተከፍሎ 145 ተረፈን። አባቷ ለአስተማሪ ይሁን አለ።

ማታ ማታ በሯን ዘግታ ትጫወታለች። ሳህን ሳጥብ ውኃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ጠጋኙ የቀኝ እጇን ጥፍር ትንሽ እንድታሳድግ ነግሯታል። አሁን ቁረጪ ስላት "ለጊታር ነው" ትለኛለች። እውነት ነው?

ጊታር ጠጋኝ

እውነት ነው። የቀኝ እጇ ጥፍር ከጣቷ ጫፍ ትንሽ ብቻ ይለፍ፣ ክብ አድርጋ ትሞርደው። የግራ እጇን ጥፍር ግን ሙልጭ አድርጋ ትቁረጥ፣ አለበለዚያ ክሩን መጫን አትችልም።